አምስት እትሞች በአንድ ዲስክ

በሀገራችን ኮምፒዩተር ታምሞ ወደ ጠጋኝ ሲወሰድ ባለቤቱ «ፎርማት አድርግልኝ» ይላል፤ ይህ አነጋገር የቀድሞውን መደምሰስና አዲሱን መትከል የሚባሉትን ሁለት የተለያዩ ግብሮች በአንድ ቃል ስለሚሸፍን፣ ብዙ ሰው የልጆቹን ፎቶግራፍና የመመረቂያ ጽሑፉን ያጣው ከዚሁ ከቃሉ አሻሚነት የተነሣ ይመስለኛል። ስለሆነም አሮጌ መሣሪያ ባለበት ስፍራ ዛሬም ስለሚያገለግለው ስለ ዊንዶውስ 7 መትከያ ጥቂት መናገር ተገቢ ነው።

ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 2009 ለሽያጭ ሲወጣ ስታርተር፣ ሆም ቤዚክ፣ ሆም ፕሪሚየም፣ ፕሮፌሽናል፣ ኢንተርፕራይዝና አልቲሜት የተባሉ ስድስት እትሞች ነበሩት። የሚያስደንቀው ግን፣ ባለ 32 ቢቱ የገበያ ዲስክ በላዩ የአንዱ እትም ስም ብቻ ታትሞበት ሳለ፣ ለድርጅቶች ለብቻው ከሚዘጋጀው ከኢንተርፕራይዝ በቀር አምስቱንም በሆዱ ይዞ መገኘቱ ነው። ምስጢሩ ያለው ዊም በሚባለው የማኅደር ዓይነት ነው፤ ቁም ጸሐፊዎቻችን የሚመላለሰውን ቃል አንድ ጊዜ አምልተው ከጻፉ በኋላ በቀረው ስፍራ መነሻውን ብቻ እያመለከቱ ብራናቸውን እንደሚቆጥቡ፣ ዊምም ለእትሞቹ ሁሉ የጋራ የሆነውን ፋይል አንድ ጊዜ ብቻ አኑሮ፣ ለየእትሙ የትኛው እንደሚገባው በዝርዝር ይመዘግባል።

ታዲያ ተካዩ አንዱን ብቻ የሚያየው ስለ ምን ነው? ሶርስስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ኢአይ ሲኤፍጂ የምትባል፣ ከጥቂት መስመር የማትበልጥ ፋይል እንደ ዐጻዌ ኆኅት ቆማ ከአንዱ እትም በቀር ሌላውን ስለምትከለክል ነው። ዲስኩ ወደ ፍላሽ ተገልብጦ ይህች ፋይል ከቅጂው ላይ ብትነሣ፣ መትከያው የእትሞቹን ዝርዝር አቅርቦ ያስመርጣል። ምርጫ ማግኘት ግን ፈቃድ ማግኘት አይደለም፤ የምርት ቁልፉ ከተመረጠው እትም ጋር ካልተስማማ ሥርዓቱ ሕጋዊ አይሆንም።

ፍላሹ በፋት 32 ከተሰናዳ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ስለዚህ ብዙ እትም ተጨምሮበት የገዘፈው ዊም መከፈል አለበት። ከሁሉ ይልቅ አጥብቄ የምለው፣ ማን እንዳዘጋጀው ያልታወቀ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ተቀብሎ መትከል እንዳይለመድ ነው፤ ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑ ሃሽ በሚባለው የማመሳከሪያ ቍጥር ይመረመራል፣ አንዲት ፊደል ብትለወጥም ቍጥሩ ፈጽሞ ይለወጣልና።

ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥርዓት ለሁሉ ያደርገው የነበረውን ጥበቃ እ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 14 ቀን 2020 አቁሟል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ተውሳክ ዓለምን ሲያዳርስ፣ መድኃኒቱ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ሳለ፣ ያልተቀበሉት የዊንዶውስ 7 ኮምፒዩተሮች በብዛት ተጠቅተዋል። እንግዲህ አዲስ መድኃኒት የማይወጣለትን ሥርዓት የሚተክል ሰው ከኢንተርኔት ለይቶ፣ ለአሮጌው ማተሚያ ወይም ለላቦራቶሪው መሣሪያ ብቻ ያውለው። በሚተክልበትም ሰዓት ጽሑፉንና ፎቶግራፉን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ፣ ያንንም ዲስክ ከኮምፒዩተሩ ነቅሎ ያስቀምጥ፤ መትከያው የዲስኮቹን ክፍልፋዮች የሚያቀርበው በቍጥር ስለሆነ፣ የትኛው የልጆቹን ፎቶግራፍ እንደያዘ አይነግረውም።