ጥይት በሚሞላ መኪና ላይ የባሩድን ልክ ስለ ማስተካከል

በአሜሪካ አገር ብዙ የዒላማ ተኳሾች የተተኮሰውን ቀለህ ሳይጥሉ እንደገና ይሞሉታል። ለዚሁ ሥራ የተሰናዳው ባለብዙ ደረጃ መኪና እጀታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ያወጣል። ይሁን እንጂ ፍጥነቱ የሚጠቅመው የባሩዱ ልክ የታመነ ሲሆን ብቻ ነው።

መኪናው ባሩዱን እንደ ቁና ይሰፍራል እንጂ አይመዝንም፤ በመጽሐፍ የተወሰነው መጠን ግን በክብደት ነው። ስለዚህ ዳኛው ሚዛን ነው። መመዘኛው ግሬን ሲሆን 7,000 ግሬን 1 ፓውንድ ይሆናል።

ሠራተኛው አስቀድሞ ሚዛኑን በታወቀ ክብደት ይፈትናል። በቁና ያለ እህል ሲነቀነቅ እንደሚረግጥ፣ ባሩዱም በቋቱ ውስጥ እስኪረጋ ድረስ ጥቂት ስፍሮችን አውጥቶ ይመልሳል። ከዚያም 10 ስፍር በአንድነት መዝኖ ለ10 ያካፍላል፤ አማካዩ መበላለጥን ይሸሽጋልና አንዳንዱን ለየብቻው ይመዝናል። ብሎኑን በጥቂቱ ባዞረ ቁጥር ይህንኑ ይደግማል። መነሻው የባሩዱ አምራች በመጽሐፉ ያመለከተው ዝቅተኛ መጠን ነው።

ከሁሉ የሚከፋው እጥፍ ስፍር ነው። መኪናው ተይዞ እጀታው ወዲያና ወዲህ ሲባል አንድ ቀለህ ሁለት ጊዜ ሊሞላ ይችላል፤ ይህም መሣሪያውን ሰብሮ ተኳሹን ያቆስላል። እንግዲህ ያጠራጠረውን ቀለህ ማውጣት፣ አረሩም ከመቀመጡ በፊት እያንዳንዱን በዓይን መመልከት ይገባል።

ለራሱ የሚሞላ ሰው የፌዴራል ፈቃድ አይጠየቅም፤ ለሽያጭ የሚያዘጋጅ ግን የአምራችነት ፈቃድ ማውጣት ግዴታው ነው። በሌላው ንግድ የሚዛን ጉድለት ገንዘብ ያጎድላል፤ በዚህኛው ግን አካልን ያጎድላል።