በሶፍትዌር የሚመራ ራዲዮና የሞባይል ስልክ ጣቢያዎች

ማንኛውም የራዲዮ መቀበያ በአንቴናው ላይ ከሚያርፉት ልዩ ልዩ ሞገዶች መካከል የሚፈለገውን መለየት፣ ማጉላትና በሞገዱ ላይ የተጫነውን መልእክት ማውጣት አለበት። በቀድሞው አሠራር እያንዳንዱን ተግባር የሚያከናውነው ለዚያው ብቻ የተዘጋጀ የኤሌክትሪክ ዑደት በመሆኑ፣ የመልእክቱ አጫጫን ዘዴ ሲለወጥ መሣሪያውም አብሮ ይጣል ነበር።

ጆሴፍ ሚቶላ በ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው ጽሑፍ የተብራራው ራዲዮ ከዚህ የተለየ ነው። ሞገዱ ተጣርቶ ወደ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ከወረደ በኋላ በሴኮንድ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ እየተለካ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ የቀረው ሁሉ የሒሳብ ሥራ ነው። ሒሳቡን የሚሠራው ፕሮግራም ሲቀየር ራዲዮው ሌላ ራዲዮ ይሆናል። ይሁን እንጂ መልእክቱ ሳይዛባ እንዲገኝ የልኬቱ ፍጥነት በሞገዱ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ድግግሞሽ ከእጥፍ በላይ መሆን ይኖርበታል። የአንድ ጂ.ኤስ.ኤም. መስመር ስፋት 200 ኪሎኸርዝ ሲሆን የኤል.ቲ.ኢ. ግን እስከ 20 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም መቶ እጥፍ ይደርሳል። የሥራው ክብደትም በዚያው መጠን ያድጋል።

የጂ.ኤስ.ኤም. አገልግሎት በ1991 በፊንላንድ፣ ኤል.ቲ.ኢ. ደግሞ በ2009 በስቶክሆልምና በኦስሎ ተጀመረ። በ18 ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ለውጥ ሲመጣ ጣቢያን በየጊዜው አፍርሶ መሥራት ከባድ ወጪ ነው፤ በፕሮግራም የሚታደስ ጣቢያ ተፈላጊ የሆነውም ስለዚህ ነው። ሆኖም «ፕሮግራሙን መለወጥ ብቻ ይበቃል» የሚለውን የሻጮች አነጋገር የዕቅድ ባለሙያ በጥንቃቄ ሊመረምረው ይገባል። አንቴናው፣ ማጣሪያውና የኃይል ማጉያው ለተወሰነ የድግግሞሽ ክልል የተሠሩ ስለሆኑ በፕሮግራም አይለወጡም። በእጅ ስልክማ የባትሪው አቅም ውስን በመሆኑ ከባዱን ስሌት እስካሁን የሚሠሩት በአብዛኛው ለዚያው የተዘጋጁ ዑደቶች ናቸው።

ለመምህራን ይበልጥ የሚጠቅመው በ2012 የታወቀው ነገር ነው። ቴሌቪዥን በኮምፒዩተር ለመመልከት የተሠራ፣ ከጣት እምብዛም የማይበልጥ ርካሽ መቀበያ የለካቸውን ቁጥሮች እንዳሉ ለኮምፒዩተሩ ማስረከብ እንደሚችል ተደረሰበት። ከ2001 ጀምሮ ሲዳብር በቆየው «ግኑ ራዲዮ» በተባለው ነፃ ፕሮግራም አማካይነት፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ይሣል የነበረው ሞገድ በተማሪዎች ፊት ሲንቀሳቀስ ይታያል። መሣሪያው መቀበያ ብቻ ነው፤ ማሠራጨት ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ጉዳይ ነው።

ለመነሻ የሚመረጠው ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለው የኤፍ.ኤም. ክልል ነው። መቀበያው በአንድ ጊዜ የሚያሳየው 2.4 ሜጋኸርዝ ያህል ስለሆነ፣ ክልሉን በሙሉ ለማየት ስንት ጊዜ መዛወር እንዳለበት ተማሪዎቹ አስቀድመው ሊያሰሉት ይችላሉ።