12 ኪሎ ሜትር ውኃ በአንድ መስመር

የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ውኃውን ከጣና ሐይቅ የሚያመጣው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም የመሬት ውስጥ ዋሻ ነው። የዋሻው ወርድ 7 ሜትር ያህል ነው። በዚያ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ ሁሉ እኩል አይሄድም፤ መሐሉ ይሮጣል፣ ግድግዳውን የነካው ይቆማል፣ በሁለቱ መካከል ያለው እየተሽከረከረ ወደ ጎንም ወደ ኋላም ይላል። የእያንዳንዱን ሽክርክሪት መንገድ እንከተል ብንል ኃይለኛ የተባለ ኮምፒውተርም ያቅተዋል። መሐንዲሱ ግን ዋናውን ስሌት አንድ ገጽ ላይ ይጨርሰዋል። ይህን ያስቻለው ባለ አንድ ዳይሜንሽን ፍሰት የሚባለው ሐሳብ ነው።

ዋሻውን በሐሳባችን እንደ ሙዝ ክብ ክብ አድርገን እንቁረጠው። እያንዳንዱ ክብ ላይ ብዙ ዓይነት ፍጥነት አለ። ያን ሁሉ ትተን አንድ አማካይ ፍጥነት እንሰጠዋለን፤ ግፊቱንም እንዲሁ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ከመግቢያው ምን ያህል ርቀናል? ርቀቱ የሚለካው የዋሻውን መሐል እየተከተለ ስለሆነ ዋሻው ቀስ ብሎ ቢታጠፍም ስሌቱ አይፈርስም። ብዙ ተማሪዎች ሐሳቡ የሚሠራው ቀጥ ላለ ቱቦ ብቻ ይመስላቸዋል፤ አይደለም። ውኃው ወደ ጎን አይንቀሳቀስም ማለትም አይደለም። ይንቀሳቀሳል፤ እኛ ነን አውቀን የተውነው።

ይህን ያህል ትተን የምናገኘው ብዙ ነው። በሰከንድ 160 ሜትር ኩብ ውኃ ይለፍ እንበል። ወርዱ 7 ሜትር የሆነ ክብ 38.5 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው። 160ን ለ38.5 ስናካፍል ፍጥነቱ በሰከንድ ከ4 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ከሐይቁ የገባው ውኃ ዋሻውን ለመጨረስ 50 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል ማለት ነው። የሆነ ቦታ ላይ ወርዱ በግማሽ ቢጠብ ስፋቱ ሩብ ይሆናል፣ ስለዚህ ፍጥነቱ አራት እጥፍ ያድጋል። የገባው መውጣት አለበትና።

ዛሬ ቀላል የሚመስለን ይህ ስሌት ብዙ ዘመን ወስዷል። በ97 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) የሮም ከተማ የውኃ ኃላፊ የሆነው ፍሮንቲኑስ ለየቤቱ የሚከፋፈለውን ውኃ የሚለካው በቱቦው አፍ ስፋት ነበር። ፍጥነት ለውጥ እንደሚያመጣ ቢገነዘብም በቁጥር አላስገባውም። ምንጩ ላይ የለካው ከመዝገቡ ጋር አልገጥም ሲለው ጉድለቱን በስርቆትና በማጭበርበር አመካኘ። ሌቦች መኖራቸው እርግጥ ነው፤ ግን ፍጥነት የሌለበት ልኬት ለብቻው ሒሳቡን ያዛባል። ስፋትን በፍጥነት ማባዛት እንደሚገባ በ1628 በታተመ መጽሐፉ አጥርቶ ያስረዳው የጋሊሊዮ ተማሪ የነበረው መነኩሴ ቤኔዴቶ ካስቴሊ ነው።

አማካይ ቁጥር ግን ዕዳ አለው። የእንቅስቃሴ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ ፈጣኑ ውኃ ደግሞ በብዛትም ይበልጣል። ስለዚህ በአማካዩ ፍጥነት የተሰላው ኃይል ምንጊዜም ከእውነተኛው ያንሳል። ምን ያህል? ይህን የሚወስነው የፍሰቱ ጠባይ ነው። መሐንዲስ ኦዝቦርን ሬይኖልድስ በ1883 በመስታወት ቱቦ ውስጥ ቀለም ለቅቆ ሁለቱን ጠባዮች ለይቶ አሳየ፦ ቀለሙ አንዳንዴ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ተበታትኖ ቱቦውን ይሞላል። በክብ ቱቦ ውስጥ ፍሰቱ ክር መሳይ ሲሆን የመሐሉ ፍጥነት የአማካዩ እጥፍ ነው፤ በአማካዩ የተሰላው የእንቅስቃሴ ኃይልም የእውነተኛው ግማሽ ብቻ ይሆናል። ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። ሲታመስ ግን ሽክርክሪቱ ፈጣኑን ከዘገምተኛው ጋር ስለሚቀላቅለው ፍጥነቱ ይቀራረባል፣ ስሕተቱም ወደ ጥቂት በመቶ ይወርዳል። ሁለቱን ጠባዮች በሚለየው የሬይኖልድስ ቁጥር ስንመዝነው፣ በክብ ቱቦ ውስጥ መታመስ የሚጀምረው 2,300 ገደማ ላይ ነው። የእኛ ዋሻ 28 ሚሊዮን ይደርሳል! አስቸጋሪ የመሰለን ትርምስ ስሌታችንን የሚያግዘው በዚህ ነው።

ሐሳቡ የማይሠራበት ቦታም አለ። ዋሻው አፍ ላይ ውኃው ከየአቅጣጫው ስለሚሰበሰብ አንድ መስመር አይበቃውም፤ በድንገት የሚሰፋ ቱቦና ሁለት መስመር የሚገናኙበት መጋጠሚያም እንደዚያው ነው።

ዋሻው ውስጥ ግን አንዱ መስመር ከባዱን ጥያቄ ይመልሳል፦ ተርባይኖቹ በድንገት ቢዘጉስ? በ12 ኪሎ ሜትሩ ውስጥ 460 ሺህ ቶን ያህል ውኃ በሰከንድ 4 ሜትር እየሄደ ነው። ባንድ አፍታ ቢቆም የግፊት ሞገድ ይነሣና በሰከንድ 1,000 ሜትር እና ከዚያ በላይ እየተምዘገዘገ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚህ ፍጥነት ብናሰላው የሚጨምረው ግፊት 400 ሜትር ከፍታ ካለው የውኃ ዓምድ ክብደት ጋር ይስተካከላል። ረጅም ዋሻ ባላቸው ማመንጫዎች ከዋሻው መጨረሻ አጠገብ ወደ ላይ ክፍት የሆነ ጉድጓድ የሚሠራው ለዚህ ነው። ውኃው ግድግዳ ከመምታት ይልቅ እዚያ ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ቀስ በቀስም ይረጋጋል። ጉድጓዱ ምን ያህል ቁመትና ስፋት ይኑረው የሚለውም የሚሰላው ከርቀቱ ሌላ ጊዜን ብቻ በጨመረ በዚያው ባለ አንድ ዳይሜንሽን ስሌት ነው።