በኅዳር ቼናይ ሂዱ የሚላችሁን አትስሙ

ዛሬ አንድ ወረቀት አይቼ አንጀቴ አርሯል። አንዲት እናት ሌላ የጉዞ ወኪል ያወጣላቸውን የደቡብ ህንድ ፕሮግራም «እስቲ እየውማ ልጄ» ብለው ይዘው መጡ። የጉዞ ወር፦ ኅዳር። ምክንያት፦ «ክረምቱ ስለሚወጣ»። የማን ክረምት?

1. ዝናብ። ሰኔ ላይ የሚገባው ዝናብ የሚደበድበው ኬረላንና የምዕራብ ጋት ተራሮችን ነው። ፕሮግራሙ ላይ ያሉት ቤተ መቅደሶች የሚገኙበት ታሚል ናዱ ከተራሮቹ ጀርባ ስለሆነ ያኔ ብዙም አይደርሰውም። የእሱ ክረምት ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ነው የሚመጣው፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። የዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉ በነዚህ ወራት ይወርዳል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የታሚል ናዱ ዋና ከተማ የቼናይ አየር ማረፊያ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ለቀናት ተዘግቷል፤ ዜና የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ትኬት የሚሸጥ ሰው ይህን ካላወቀ ምን ሊያውቅ ነው? ለእኛ ለጉዞ ወኪሎች ፈቃድ የሚሰጡትም የቢሮህን ስፋት ይለካሉ፣ ማኅተምህን ያገላብጣሉ፤ ካርታ ማንበብ ትችላለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም። «ስልጠና» ተብሎ የምንጠራበትም ሻይ፣ ብስኩትና የቡድን ፎቶ ነው። ከዚያ የሰው ጥሪት ውሃ ሲበላው «ህንድ መቼም እንዲህ ናት» ይባላል።

2. ሰዓት። ወረቀቱ «ከቀኑ 8 ሰዓት፦ ማዱራይ፣ ሚናክሺ ቤተ መቅደስ» ይላል። ሚናክሺ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ተዘግቶ የሚከፈተው 10 ሰዓት ላይ ነው! የታንጃቩሩ ትልቁ ቤተ መቅደስም እንደዚያው። ጠዋት ወይም አመሻሽ ሂዱ። ሚናክሺ ሞባይል አያስገባም፣ ጫማ ውጭ ይቀራል፣ ሂንዱ ያልሆነ ሰው ውስጠኛው መቅደስ አይገባም።

ወኪሉ የተራራ ከተማዋን ኡቲን ደግሞ በዚያው ቀን ማታ ሰክቷታል! ከማዱራይ ኡቲ ቀኑን ሙሉ የሚበላ መንገድ ነው። «ቀጭን ልብስ ይያዙ» ብሎም መክሯል። ኡቲ 2,240 ሜትር ላይ ነው ያለችው፣ ከአዲስ አበባ እምብዛም ዝቅ አትልም፤ ሌሊቱ ጋቢ ያስመኛል። ከተራራው ግርጌ ካለችው ሜቱፓላያም ሽቅብ የሚወጣው ባለ ጥርስ ሐዲዱ ባቡር 46 ኪሎ ሜትር ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ በኅዳር ዝናብ ደግሞ ናዳ መስመሩን እየዘጋው ይሰረዛል። በመኪና ወደ ኡቲም ሆነ ወደ ሌላዋ የተራራ ከተማ ወደ ኮዳይካናል ለመውጣት ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ኢ-ፓስ (በኢንተርኔት የሚወጣ የመግቢያ ፈቃድ) ግድ ሆኗል። ይህም ወረቀቱ ላይ የለም።

ታዲያ መቼ ትሂዱ? የታሚሎች የመከር በዓል ፖንጋል ጥር መጀመሪያ ላይ ነው፤ ባቡሩም ሆቴሉም ይሞላል። እሱ ካለፈ በኋላ እስከ የካቲት መጨረሻ ሂዱ። የኅዳር ትኬት የቆረጣችሁ ካላችሁ፣ የቀን ማስቀየሪያው ስንት እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ።