ያውቁ ኖሯል? እንደ ሐረጎ ጠመዝማዛ በሆነ መንገድ የሚካሄድ የሞተር ብስክሌት ውድድር አለ

ከደሴ ሐረጎን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል በምትገኘው የማን ደሴት ደግሞ የታወቀው የሞተር ብስክሌት ውድድር የሚካሄደው በአዘቦት ቀን መኪና በሚመላለስበት መንገድ ላይ ነው። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1907 ተጀምሮ በ1911 «የተራራው መስመር» ወደሚባለው መንገድ ተዛወረ። አንዱ ዙር 60.7 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከ200 በላይ ኩርባዎች አሉት። ከፍተኛው ቦታ ግን ከባሕር ወለል 422 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ለወሎ ሰው ቆላ ማለት ነው!

የቆየው ልማድ ዛሬም አለ። ሞተረኞቹ በጅምላ አይለቀቁም፤ በ10 ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ ይነሣሉ፤ አሸናፊውም በሰዓት ይለያል። ታዲያ ከፊት ያለው ሁሉ መሪ አይደለምና ተመልካቹ ውጤቱን እንዴት ያውቅ ነበር? ለአሥርት ዓመታት መልሱ አንድ ግዙፍ ሰሌዳ ነበር። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሰዓት ገጽ የሚመስል ክብ ነበረው፤ የደሴቲቱ የስካውት ልጆች ሞተረኛው የደረሰበትን ቦታ በክቡ ላይ ባለው ቀስት ያመለክቱ፣ ጊዜውንም በቀለም ጽፈው ይሰቅሉ ነበር። ሊጨርስ ሲቃረብ መብራት ይበራለት ነበር። ከየትኛውም የኤሌክትሮኒክስ ስክሪን ይልቅ ይህ የልጆች የእጅ ሥራ ሊጠበቅ የሚገባው ቅርስ ነው።

ሁሉም ነገር ግን እንደ ነበረ አይተውም። በመስመሩ ላይ ባለፉት ዘመናት ከ250 በላይ ተወዳዳሪዎች ሞተዋል፤ ስለዚህ አደገኛ በሆኑ ኩርባዎች ያሉ የድንጋይ አጥሮችና ምሰሶዎች በውድድር ሰሞን ግጭት በሚያለዝቡ መከላከያዎች ይሸፈናሉ።