ኮሚሽን ደመወዝ አይደለም፦ የሽያጭ ሥራ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አስሉት

በፋሲሎ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌላው የባሕር ዳር አካባቢ ሥራ የሚፈልግ ወጣት በየቴሌግራም ቻናሉ ደጋግሞ የሚያገኘው የሽያጭ ሠራተኛ ማስታወቂያ ነው። ክፍያው ላይ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ደግሞ «ደመወዝ በስምምነት፣ እንዲሁም ማራኪ ኮሚሽን» የሚል ነው። አፓርታማ የሚሸጡ ድርጅቶች፣ የግንባታ ዕቃ አከፋፋዮች፣ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች፣ የመድን ሽያጭ ወኪልነት፣ ሲም ካርድ ይዞ በየመንገዱ መሸጥ፣ ብዙዎቹ የሚከፍሉት በዚህ መንገድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ኮሚሽን በሕጋችን ደመወዝ ተብሎ አይቆጠርም፤ በተግባርም የገበያውን አደጋ ከአሠሪው ወደ ሻጩ የሚያሻግር ውል ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ መነሻ ደመወዙን፣ ቀጥሎ የኮሚሽኑን አሰላል መዝኑ፤ የፐርሰንቱ ትልቅነት የሚታየው ከሁለቱ በኋላ ነው።

ከአሰላሉ እንጀምር። «2 ፐርሰንት» ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ገቢውን የሚወስነው 2 ፐርሰንቱ ከምን ላይ ይታሰባል የሚለው ነው። አንድ ሻጭ በወር የ1,000,000 ብር ብረትና ሲሚንቶ ሸጠ እንበል። ኮሚሽኑ ከጠቅላላ ሽያጩ ከታሰበ 20,000 ብር ያገኛል። ዋጋው 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካተተ ሆኖ ውሉ «ከታክስ በፊት» የሚል ከሆነ ክፍያው ወደ 17,391 ብር ይወርዳል። ገዢው 400,000 ብር ከፍሎ ቀሪውን በዱቤ ከወሰደና ኮሚሽኑ ከተሰበሰበው ገንዘብ ላይ ከሆነ፣ ለጊዜው የሚደርሰው 8,000 ብር ነው። ከትርፍ ላይ ነው ከተባለና ድርጅቱ 80,000 ብር ካተረፈ ደግሞ 1,600 ብር ብቻ ይሆናል። ሽያጩ አንድ፣ ፐርሰንቱም አንድ ነው፤ ክፍያው ግን አራት ዓይነት ሆነ። በዚህ ላይ ታርጌት፣ ማለትም መሞላት ያለበት የሽያጭ መጠን፣ አለ። ታርጌቱ 1,000,000 ሆኖ ከዚያ በታች ምንም የማይከፈል ከሆነ፣ 990,000 ብር የሸጠ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ዕቃው ቢመለስ ወይም ገዢው ውሉን ቢያፈርስ የተከፈለው ኮሚሽን ይመለሳል ወይ የሚለውም ከዚሁ ጋር የሚጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 53 ደመወዝ ምን እንደሆነ ከተረጎመ በኋላ፣ ደመወዝ ተብለው የማይቆጠሩ ክፍያዎችን ይዘረዝራል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ውሎ አበል፣ ቦነስ እና ኮሚሽን በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ይህ ተራ የቃላት ክፍፍል አይደለም፤ አዋጁ ለሠራተኛው የሚሰጣቸው ዋና ዋና ጥበቃዎች የሚሰሉት ደመወዝን መሠረት አድርገው ነውና። ሁለት ሴት ሻጮችን እናወዳድር። አንደኛዋ 15,000 ብር ቋሚ ደመወዝ አላት። ሁለተኛዋ መነሻዋ 5,000 ሆኖ በአማካይ 10,000 ብር ኮሚሽን ታገኛለች። በወሩ መጨረሻ ሁለቱም እኩል ይመስላሉ። ሁለቱም ወልደው የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ቢወስዱ ግን የመጀመሪያዋ በአራቱ ወር 60,000 ብር ስታገኝ፣ ፈቃድ ላይ ሆና መሸጥ የማትችለው ሁለተኛዋ የሚረጋገጥላት 20,000 ብር ብቻ ነው። የጡረታ መዋጮም እንዲሁ ነው። በግል ድርጅት አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 ከመቶ የሚያዋጡት ከደመወዝ ላይ ስለሆነ፣ ለአንደኛዋ በየወሩ 2,700 ብር ሲገባ ለሁለተኛዋ 900 ብር ይገባል። የበዓል ዋዜማ መደብሩ አምሽቶ ሲሠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያው የሚባዛው ከመነሻው ነው። የሕመም ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድና የስንብት ክፍያም ከዚሁ መነሻ ይነሣሉ።

የገቢ ግብር ግን ይህን ልዩነት አያውቅም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ኮሚሽንን ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ አድርጎ ይቆጥረዋል። በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 በተሻሻለው ማስከፈያ መሠረት 2,000 ብር ነፃ ሆኖ ከ14,000 በላይ ያለው 35 ከመቶ ይከፍላል፤ ስለዚህ ሁለቱም ሴቶች ከ15,000 ብር ላይ 3,200 ብር ይቆረጥባቸዋል። እንዲያውም ኮሚሽን ከፍ ዝቅ ሲል የሻጯ ግብር ይጨምራል። በአንዱ ወር ምንም ሳትሸጥ 5,000፣ በቀጣዩ ጥሩ ሸጣ 25,000 ብር ብታገኝ፣ የሁለቱ ወር ግብር 500 እና 6,700፣ ድምሩ 7,200 ብር ነው። ባለቋሚ ደመወዟ በሁለት ወር ያንኑ 30,000 ብር አግኝታ የምትከፍለው 6,400 ነው። ግብር ሲቆረጥ ገቢ የሚባለው ገንዘብ፣ ወሊድና ጡረታ ሲመጣ ገቢ መሆኑ ይቀራል ማለት ነው። ይህ ሊታረም የሚገባው ክፍተት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በብሪቲሽ ጋዝ ኩባንያ አንድ ሻጭ ጉዳይ ላይ፣ ከገቢው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኮሚሽን በዓመት ፈቃድ ክፍያው ውስጥ መታሰብ አለበት ብሎ ወስኗል። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፦ ፈቃድ መውሰድ ገቢ የሚያሳጣ ከሆነ ሠራተኛው ማረፍን ይፈራል።

ወደ ሻጩ የሚሻገረው የገበያ አደጋ ደግሞ በእኛ ከተማ ከሌላው ይከብዳል። የባሕር ዳር ገበያ ወቅት አለው። በክረምት ግንባታ ይቀዘቅዛል፤ ጎብኚ ሲጠፋ ወደ ዘጌ ገዳማትና ወደ ጢስ ዓባይ የሚወስደው፣ ከጀልባና ከሆቴል ፐርሰንት የሚያገኘው አስጎብኚ ሥራ ይፈታል፤ የልብስና የቤት ዕቃ ሽያጭ በሠርግና በበዓል ወቅት ይነሣል፣ ከዚያ ይወድቃል። ከወቅቱ በላይ የሆነም መጥቷል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ደንበኛውን በቴሌግራም የሚያገኝ ሻጭ መሸጫው ተዘጋበት። መንገድ ተዘግቶ ዕቃ ሲቀር መጋዘኑ ባዶ ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ በራሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ያልሠራ ሠራተኛ ደመወዙን እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ ይህ ጥበቃ ግን የሚደርሰው ለመነሻው ነው። 5,000 ብሩ ይከፈላል፣ ያልተሸጠው ዕቃ ኮሚሽን አይኖረውም። ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ ደግሞ መነሻው ምንም ያህል ትንሽ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሚዛን የሚደፉም ናቸው። አንደኛው ኮሚሽን ያነቃቃል፣ ቋሚ ደመወዝ ብቻ የሚከፈለው ሻጭ ደንበኛ እያየ ይቀመጣል የሚል ነው። እውነት አለበት፤ ጎበዝ ሻጭም በኮሚሽን ከአለቃው በላይ ሊያገኝ ይችላል፣ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ክፍያው ከሽያጭ ቁጥር ጋር ብቻ ሲታሰር ሰው ቁጥሩን ለመሙላት የሚሄድበት መንገድ ይበላሻል። አሜሪካዊው ዌልስ ፋርጎ ባንክ ሠራተኞቹን በሽያጭ ታርጌት ሲያስጨንቅ ከቆየ በኋላ፣ ደንበኞች ያላወቋቸው እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ ሒሳቦችና ካርዶች ተከፍተው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት 5,300 ያህል ሠራተኞች ተባረው ነበር። የወር ኪራዩ በሚቀጥለው ሽያጭ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ለደንበኛው የማይሆነውን ዕቃ ወይም ያላለቀ ቤት አሳምሮ ለመሸጥ ይገፋፋል። ለኑሮ የሚበቃ መነሻ ያለው ሻጭ ግን እውነቱን ለመናገር አቅም ይኖረዋል፤ እውነት የሚናገር ሻጭ ደግሞ ደንበኛውን መልሶ ያመጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የነጋዴው ነው፦ «ገበያ በሌለበት ጊዜ ከየት አምጥቼ ቋሚ ደመወዝ ልክፈል?» ይላል። የኪራይ፣ የዕቃና የብድር ጫና ያለበት አነስተኛ ነጋዴ ይህን ሲል ሰበብ እያበጀ አይደለም። መልሱ አደጋውን መካፈል ነው። ፐርሰንቱን ዝቅ አድርጎ መነሻውን ከፍ ማድረግ ይቻላል። በቀዘቀዘው ወቅት የተወሰነ ወለል ከፍሎ በሞቀው ወቅት ከሚገኘው ኮሚሽን ማካካስም ይቻላል። ታርጌቱን ወቅቱን ያላገናዘበ ወርኃዊ ቁጥር ከማድረግ የሦስት ወር ድምር ማድረግ ለሁለቱም ይጠቅማል። ሥራውን ያቋቋመው፣ ትርፉንም የሚወስደው ነጋዴው ነው፤ አደጋውን በሙሉ ምንም ጥሪት የሌለው ተቀጣሪ ይሸከም ማለት ግን ፍትሐዊ አይደለም።

ሦስተኛው «እናንተ ወኪል እንጂ ተቀጣሪ አይደላችሁም» የሚለው ነው። ልዩነቱ በሕጋችን የቆየ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ ነጋዴው በሥራ ውል ቀጥሮ ደንበኛ ዘንድ የሚልከውን ሰው ራሱን ችሎ ከሚሠራው የንግድ ወኪል ለይቶ አስቀምጦ ነበር። በራሱ ሰዓት፣ በራሱ መንገድ፣ ለተለያዩ ድርጅቶች የሚሠራ ሰው ወኪል ቢባል ተገቢ ነው። ጠዋት ፈርሞ የሚገባ፣ የት እንደሚውል የሚታዘዝ፣ ፈቃድ ጠይቆ የሚቀር ሰው ግን በአሠሪ መሪነት የሚሠራ ነውና፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ መብቱን ሊያስቀረው አይገባም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሥራ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ እንዲሰጥ ያዛል፤ ይህን ጠይቁ። በወረቀቱ ላይ መነሻው ስንት እንደሆነ፣ ኮሚሽኑ ከምን ላይ እንደሚታሰብ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ዕቃ ቢመለስ ምን እንደሚሆን፣ ሥራ ስትለቁ የጀመራችሁት ሽያጭ ኮሚሽን ለማን እንደሚሆን ይጻፍ። የሸጣችሁትን በቀንና በደረሰኝ ቁጥር መዝግባችሁ ያዙ። ያልተከፈላችሁ ካለም አትዘግዩ፤ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና መሰል ክፍያዎች ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት ደግሞ ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሦስት ወር ምንም ባልሸጥ በመነሻው ብቻ መኖር እችላለሁ? መልሱ አልችልም ከሆነ ስለ ፐርሰንቱ ከመደራደራችሁ በፊት ስለ መነሻው ተደራደሩ።