ከአንድ ሌዘር ሁለት ትይዩ ጨረር ስለ ማውጣት

ብራና የሚያሰምር ጸሐፊ መሥመሩን በዓይኑ ግምት አይስበውም። አስቀድሞ በገጹ ግራና ቀኝ ዳር በወስፌ ጥቃቅን ምልክት ይወጋል፤ ከዚያ በኋላ ምልክቱን ከምልክቱ እያጋጠመ ያሰምራል። በግራው ዳር ያለው ርቀት በቀኙ ዳር ካለው ጋራ ትክክል ሲሆን መሥመሮቹ አይቀራረቡም፥ አይራራቁምም። እንደዚህ ያሉትን መሥመሮች የሂሳብ መምህራን ትይዩ ይሏቸዋል። በብራና ላይ የሚደረገው ይህ ጥንቃቄ በብርሃንም ላይ ያስፈልጋል።

መሣሪያ መፍታትና መግጠም የሚወድ ልጅ ያለው አባት፥ ከልጁ ጋራ ሊሠራቸው ከሚቻለው ዕቃዎች አንዱ የፍጥነት መለኪያ ነው። አሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ቀጫጭን የሌዘር ጨረሮች፥ በመካከላቸው 10 ሳንቲሜትር ርቀት ተደርጎ፥ በአንድ መተላለፊያ ላይ ይዘረጋሉ። በማዶ ለእያንዳንዱ ጨረር ብርሃን የሚቀበል ፎቶዳዮድ ይቆምለታል። የሚንከባለል ኳስ መጀመሪያ አንደኛውን፥ ቀጥሎም ሁለተኛውን ጨረር ሲያቋርጥ፥ በመካከሉ ያለፈው ጊዜ ይቈጠራል። ርቀቱን በጊዜው ሲያካፍሉት ፍጥነቱ ይገኛል። ኳሱ 10 ሳንቲሜትሩን በአንድ ሰከንድ ሃያኛ እጅ ቢያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር ነው።

ዳሩ ግን ይህ ሂሳብ እውነት የሚሆነው የጨረሮቹ ርቀት በስፍራው ሁሉ አንድ የሆነ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ጨረሮቹ አንድ ዲግሪ ብቻ ወደ መቀራረብ ቢያዘነብሉ፥ 100 ሚሊሜትር የነበረው ርቀት ከ1 ሜትር በኋላ 82 ሚሊሜትር ተኩል ይሆናል። መሣሪያው ግን ይህን አያውቅምና 100 ብሎ ያስባል፤ ስለዚህ በማዶ በኩል ያለፈውን ኳስ ፍጥነት ከእውነተኛው በአምስተኛ እጅ ያህል አብልጦ ይናገራል። እንዲህ ያለ መሣሪያ በእኔ አስተያየት ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል፤ መሣሪያ የሌለው ሰው አላውቅም ይላል፥ የተሳሳተ መሣሪያ ያለው ግን ቍጥሩን ጽፎ ያምናል።

ሌዘርን መጀመሪያ የሠራው ቴዎዶር ሜይማን ነው፤ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ አገር፥ ሩቢ ከተባለው ቀይ ዕንቍ ነው። (ከዚህ በታችም ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ዛሬ በየሱቁ የሚገኘው ሌዘር ግን ዳዮድ የተባለ እጅግ ትንሽ ፍሬ ነው። ከዳዮዱ የሚወጣው ብርሃን እንደ ችቦ ብርሃን የተበተነ ነው፤ ቀጭን ጨረር የሚያደርገው በፊቱ የተደረገው ሌንስ ነው። ብዙ ሰው የሌዘር ጨረር ከቶ የማይሰፋ ይመስለዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። ሲነሣ 1 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀይ ጨረር፥ ሌንሱ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፥ 10 ሜትር ሲሄድ ወደ 8 ሚሊሜትር ግድም ይሰፋል። ሊቃውንት ወደ ጨረቃ የሚልኩት ጨረር እንኳ እዚያ ሲደርስ የጥቂት ኪሎሜትር ስፋት ይኖረዋል። ለቤት ሥራ ግን ይህ መስፋት አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው የሁለቱ ጨረሮች አካሄድ ነው።

ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያ የሚያስበው ሁለት ሌዘር ገዝቶ ጎን ለጎን ማሰር ነው። ይህ መንገድ አድካሚ ነው። በርካሽ የሚሸጠው ሌዘር ጨረሩን በመያዣው ቀጥታ አያወጣም፥ ጥቂት ያዘነብላል፤ ስለዚህ ሁለቱን መያዣዎች ትይዩ አድርጎ ማሰር ጨረሮቹን ትይዩ አያደርጋቸውም። ደግሞ ዛሬ የተስተካከለው ነገ አንዱ ቢነካ ይበላሻል። የተሻለው መንገድ አንዱን ጨረር ለሁለት መክፈል ነው። አልበርት ማይክልሰን በ1887 ከኤድዋርድ ሞርሊ ጋራ በክሊቭላንድ ከተማ ስለ ብርሃን ፍጥነት ያደረገውን ስመ ጥሩ ምርመራ የሠራው፥ በስሱ ብር በተቀባ መስተዋት አንዱን ብርሃን ለሁለት ከፍሎ ነው።

ለእኛ ሥራ ብርም አያስፈልግም፤ ንጹሕ የመስኮት መስተዋት ይበቃል። በጠንካራ ሳንቃ ላይ ትንሽ ቍራጭ መስተዋት በ45 ዲግሪ አዘንብሎ ይቆማል። ከበስተኋላው በ10 ሳንቲሜትር ርቀት መልክ የሚታይበት መስታየት በዚያው በ45 ዲግሪ ይቆማል። ጨረሩ መስተዋቱን ሲመታ ጥቂቱ፥ ማለት አሥረኛ እጅ ያህሉ፥ ወደ ጎን ይመለሳል፤ የቀረው አልፎ መስታየቱን ይመታና እርሱም ወደዚያው ጎን ይመለሳል። መስተዋቱና መስታየቱ እርስ በርሳቸው ትይዩ ከሆኑ ሁለቱ ጨረሮች ትይዩ ናቸው። ከሁሉ የሚያስደስተው ግን ይህ ነው፤ ሌዘሩ በኋላ ቢንቀሳቀስ ሁለቱም ጨረሮች እኩል ይዞራሉ እንጂ ትይዩነታቸው አይፈርስም። ለሁለቱ ዳኛቸው ሳንቃው ነው።

መስታየቱን በሦስት ብሎንና በሞላ ማሰር ይገባል፥ መስታየቱ አንድ ዲግሪ ሲዞር ጨረሩ ሁለት ዲግሪ ይዞራልና። በመስተዋቱ ውስጥ ያለፈው ጨረር አቅጣጫውን አይለውጥም፤ ነገር ግን ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ከሆነ 1.3 ሚሊሜትር ያህል ወደ ጎን ይሸሻል፤ ስለዚህ የሚለካው የጨረሮቹ ርቀት ነው እንጂ የመስተዋቶቹ ርቀት አይደለም። ያው መስተዋት ከፊቱና ከጀርባው ሁለት ነጥብ፥ በ3 ሚሊሜትር ልዩነት፥ ያወጣል፤ አንዱን በጥቍር ካርቶን መጋረድ ነው። የብዙዎቹ ዳዮዶች ብርሃን በአንድ ወገን ብቻ የሚርገበገብ ስለ ሆነ፥ ሌዘሩን በያዙት ስፍራ ቀስ ብለው ቢያሽከረክሩት ከመስተዋቱ የሚመለሰው ጨረር ሲደምቅና ሲደበዝዝ ይታያል፤ በደመቀበት ማሰር ነው።

ከዚህ በኋላ የወስፌው ሥራ ይመጣል። የጨረሮቹን ርቀት በሳንቃው አጠገብ፥ ቀጥሎም 10 ሜትር ርቆ ባለ ግድግዳ ላይ፥ ወደ ጎንም ወደ ላይም መለካት ነው። በቅርቡ 10 ሳንቲሜትር፥ በግድግዳው 11 ሳንቲሜትር ቢሆን፥ በ1 ሜትር መተላለፊያ ላይ ስሕተቱ ከመቶ አንድ ነው። ይህም ለልጅ ሥራ መልካም ነው።

የተቀባዩ ነገር አጭር ነው። ፎቶዳዮዱ በጥቍር ቱቦ ውስጥ ይግባ፥ የቀን ብርሃን እንዳያደናግረው። በብርሃን የሚለዋወጠው ርካሽ ሬዚስተር ዘገምተኛ ስለ ሆነ ለዚህ አይሆንም። ጊዜውን አርዱይኖ የምትባለው ትንሽ ሰሌዳ ትቈጥራለች።

ስለ ዓይን ግን በብርቱ እናሳስባለን። የሚገዛው ሌዘር ሁለተኛ ክፍል ተብሎ የተጻፈበት፥ ኀይሉም ከ1 ሚሊዋት የማይበልጥ ይሁን፤ ጽሕፈት የሌለበትን አለመግዛት ይሻላል። ነጥቡ በወረቀት ላይ ይታያል እንጂ ማንም ዓይኑን በጨረሩ መንገድ አያድርግ። ቀለበትና ማንኪያም ጨረር ይመልሳሉ። ጨረሮቹ ከመሬት ከፍ የሚሉት በኳሱ ወገብ ልክ ብቻ ይሁን፤ በቤቱ የሚድኽ ሕፃን ካለ ደግሞ ሥራው በሌላ ክፍል ይደረግ።

የመጨረሻው ፈተና ከጋሊሌዮ የተወሰደ ነው። እርሱ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ፥ 12 ክንድ በሚያህል እንጨት ላይ ቦይ ቈፍሮ፥ ውስጡን በለሰለሰ ብራና አልብሶ፥ የነሐስ ኳስ እንዳንከባለለበት ይናገራል። አባትና ልጅም አንድ አጭር ቦይ አዘንብለው፥ ኳሱን ዘወትር ከአንዱ ምልክት ይልቀቁ። መጀመሪያ ቦዩን በሳንቃው አጠገብ፥ ቀጥሎም በ1 ሜትር ርቀት በፎቶዳዮዶቹ አጠገብ ያኑሩት። በሁለቱም ስፍራ አሥር አሥር ጊዜ ለቀው የፍጥነቱን አማካይ ይጻፉ። ሁለቱ ቍጥሮች ከተስማሙ ጨረሮቹ ትይዩ ናቸው፤ የማዶው ከበለጠ ጨረሮቹ እየተቀራረቡ ነውና ልጁ ወደ ሦስቱ ብሎኖች ይመለስ።